ለተሳቢ ኤስቲ ጎማ ወይስ ኤልቲ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሜሪካ ውስጥ በፒካፕ ተሳቢ ለሚጎትቱ ነው፦ መኪና ለሚያመላልሱ፣ ሆትሾት (በፒካፕና በተሳቢ አስቸኳይ ጭነት የማድረስ ሥራ) ለሚሠሩ፣ የምግብ ተሳቢ ይዘው ከዝግጅት ወደ ዝግጅት ለሚሄዱ። ክብደቱን በፓውንድ፣ የጎማ ንፋሱን በፒኤስአይ፣ ፍጥነቱን በማይል አስቀምጠነዋል። ጎማው ላይም ሆነ ተሳቢው ላይ የሚያገኙት ጽሑፍ በዚሁ መለኪያ ነው።

ኤስቲ እና ኤልቲ ማለት ምን ማለት ነው? የትስ ተጽፎ አገኘዋለሁ?

ኤስቲ ለተሳቢ ብቻ የተሠራ ጎማ ነው። ኤልቲ ለፒካፕ፣ ለቫንና ለሌሎች ቀላል የጭነት መኪኖች የተሠራ ነው። ፊደሎቹ ከጎማው ጎን ላይ፣ ከመጠኑ ቁጥር ፊት ይገኛሉ። ለምሳሌ ኤስቲ 225/75 አር15 የሚል ካዩ፣ 225 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 75 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ አር ራዲያል መሆኑ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚያ አጠገብ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ወይም ጂ የሚል የመሸከም ደረጃ አለ። በድሮው አጠራር ሲ ባለ 6፣ ዲ ባለ 8፣ ኢ ባለ 10፣ ጂ ባለ 14 ንብርብር ይባላል። የዛሬ ራዲያል ጎማ ውስጥ ግን ያን ያህል ንብርብር የለም፤ ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ጽሑፍ ግን በትንንሽ ፊደል ያለው ነው፦ ጎማው ቢበዛ ስንት ፓውንድ፣ በስንት ፒኤስአይ እንደሚሸከም የሚናገረው መስመር። ኤልቲ ጎማ ላይ ሁለት የክብደት ቁጥር አለ። አንዱ ጎማው ብቻውን ሲገጠም፣ ሌላው ደግሞ በአንድ ጎን ሁለት ሆኖ ተጣምሮ ሲገጠም ነው። በየጎኑ አንድ አንድ ጎማ ላለው አክስል የሚያገለግለው ትልቁ፣ የነጠላው ቁጥር ነው።

ሁለቱም ጎማ ናቸው። በአሠራር ምን ይለያቸዋል?

የተሳቢ ጎማ መኪና አይገፋም፣ መሪም አይታዘዝም። ሥራው መሸከምና መጎተት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የፒካፕ ጎማ የማያውቀው ሥቃይ አለበት። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ነዳጅ ማደያ ውስጥ በጠባቡ ሲታጠፍ አራቱን ጎማዎች ቆመው ይመልከቱ፦ የፊተኞቹ ወደ አንድ ጎን፣ የኋለኞቹ ወደ ሌላው ጎን እየተጎተቱ አስፋልቱን ይፍቁታል። በዚያ ሰዓት የጎማው ጎን ይጣመማል፤ ከጥርሱ ሥር ያሉት የብረት ቀበቶዎችም እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ኤስቲ ጎማ ጎኑ ጠንከር ተደርጎ የሚሠራው ይህን እንዲችልና ተሳቢው ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ነው። ኤልቲ ግን መሪ የሚታዘዝ፣ የሚገፋና ፍሬን ሲያዝ መሬት የሚቆነጥጥ ጎማ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ተቀራራቢ መጠን ካላቸው ሁለት ጎማዎች ኤስቲው የሚበልጥ ክብደት ተጽፎበት ያገኙታል። ይህ የሆነው ላስቲኩ የተለየ ስለሆነ አይደለም። የኤስቲ የክብደት ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው የተሰላው በሰዓት 65 ማይል እንደ ጣሪያ ተይዞ ነው። በሌላ አባባል ተጨማሪው ክብደት የተገኘው ፍጥነት ተቀንሶ ነው። ሙሉ ጭኖ በ80 ማይል የሚነዳ ሰው ሁለቱንም በአንድ ላይ እየወሰደ ነው፤ ጎማው የሚከፍለው በሙቀት ነው።

ኤልቲ ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው ይባላል። ለምን ዝም ብዬ እሱን አልገጥምም?

ሕጉ አይከለክልም፤ አንዳንዴም ትክክለኛው ምርጫ ነው። ግን ከስሙ በፊት ቁጥሩን ያስሉ።

በ15 ኢንች፦ ኤስቲ 225/75 አር15 ደረጃ ዲ በ65 ፒኤስአይ 2,540 ፓውንድ ይሸከማል። ለእሱ የሚቀርበው ኤልቲ 235/75 አር15 ደረጃ ሲ በ50 ፒኤስአይ 1,985 ፓውንድ ብቻ ነው። በአንድ ጎማ 555 ፓውንድ አጡ ማለት ነው።

በ16 ኢንች፦ ኤስቲ 235/80 አር16 ደረጃ ኢ በ80 ፒኤስአይ 3,520፤ ኤልቲ 235/85 አር16 ደረጃ ኢ በዚያው 80 ፒኤስአይ 3,042።

አሁን ይህን 7,000 ፓውንድ በሚችል አክስል ላይ ያስቀምጡት። ሁለቱ ኤስቲ አንድ ላይ 7,040 ይሸከማሉ፤ ለጥቂት ይበቃሉ። ሁለቱ ኤልቲ 6,084 ናቸው፤ አክስሉ ሙሉ ሲጫን 916 ፓውንድ ይጎድላቸዋል። «ጠንካራ ነው» ተብሎ ኤልቲ የተገጠመበት ከባድ ተሳቢ ገና ከመነሻው ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

አክስሉ 5,200 የሚችል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 6,084 ከ5,200 ጋር ሲተያይ 17 በመቶ ያህል ትርፍ አለው፤ ረጅም መንገድ በቋሚ ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ኤልቲ እዚህ ላይ ጥሩ ጎማ ነው። ስለዚህ መመሪያችን ይህ ነው፦ አክስሉን ሸፍኖ በቂ ትርፍ የሚተው ኤልቲ ካገኙ ይግጠሙ፤ ካላገኙ ወደ ኤስቲ ይሂዱና ፍጥነቱን ያክብሩ።

ለ7,000 አክስል ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ደረጃ ጂ። በ235/80 አር16 ልክ የሚሸጠው ኤስቲ በ110 ፒኤስአይ 4,080 ፓውንድ ይሸከማል፤ ሁለቱ 8,160 ይሆናሉ። ትርፉ ከ16 በመቶ በላይ ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ጭኖ ለሚሠራ ሰው የሚሻለው ይኸው ነው፤ ከቸርኬው ጀምሮ ግን ሁሉም ነገር 110 ፒኤስአይ መቻል አለበት።

የሚያስፈልገኝን አቅም እንዴት ላስላ?

ከተሳቢው በስተግራ፣ ወደ ፊት በኩል ከተለጠፈው ጽሑፍ ይጀምሩ። እዚያ ላይ ተሳቢው ከነጭነቱ ቢበዛ ስንት እንዲመዝን እንደተፈቀደ፣ እያንዳንዱ አክስል ስንት እንደሚችል፣ የጎማው መጠንና የቀዝቃዛ ንፋሱ ልክ ተጽፏል። የመነሻ ልኩ ይህ ነው፤ የሚገጥሙት ጎማ ከዚህ በታች ሊሸከም አይገባም።

ቀጥሎ ተሳቢውን እንደሚሠሩበት ጭነው ሚዛን ያውጡት። የከባድ መኪና ማቆሚያዎች ላይ ያለው ካት ስኬል ይበቃል። ጥቂት ዶላር ነው፤ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሚዛኑ ሰሌዳ የተከፋፈለ ስለሆነ ፒካፑንና ተሳቢውን ለየብቻ ያሳያል። አቋቋምዎን ካስተካከሉ የተሳቢውን የፊትና የኋላ አክስልም ለይተው ማየት ይችላሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠቅላላውን አይቶ ይሄዳል። ስህተቱም እዚሁ ነው። ሁለት ባለ 3,500 አክስል ያለውን የተለመደ የመኪና መጫኛ እንውሰድ። ፋብሪካው የሚገጥምለት ብዙ ጊዜ ኤስቲ 205/75 አር15 ደረጃ ሲ ሲሆን በ50 ፒኤስአይ እያንዳንዱ 1,820 ፓውንድ ይሸከማል፤ አራቱ 7,280 ናቸው። ሚዛኑ ሁለቱ አክስሎች ላይ 6,200 ቢያሳይ 1,080 ፓውንድ ትርፍ ያለ ይመስላል። መኪናው ወደ ፊት ተጠግቶ ስለተጫነ ግን የፊቱ አክስል 3,400፣ የኋላው 2,800 ሊሆን ይችላል። ባትሪው፣ ዊንቹና የመሣሪያው ሣጥን በግራ በኩል ካሉ ደግሞ ከፊቱ 3,400 ውስጥ 1,850 ግራ፣ 1,550 ቀኝ ይወድቃል። የፊት ግራው ጎማ ከአቅሙ በላይ ሆነ! ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም ደህና ነው። የሚፈነዳው ሁልጊዜ ያው አንዱ ጎን የሆነበት ሰው ጎማ ሻጩን ከመክሰሱ በፊት ይህን ይፈትሽ።

የምግብ ተሳቢ በዚህ ይብሳል። ማቀዝቀዣው፣ ምጣዶቹና የውኃ ታንከሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግድግዳ በኩል ይደረደራሉ፤ የመሸጫው መስኮት ያለበት ጎን ቀላል ሆኖ ይቀራል። ውኃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን ባለ 40 ጋሎን ታንከር ሲሞላ ብቻውን ከ330 ፓውንድ ይበልጣል። ውኃውን የሚሠሩበት ከተማ ደርሶ መሙላት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

የእያንዳንዱን ጎማ ክብደት ካወቁ በኋላ ከከባዱ ቁጥር ላይ ቢያንስ 15 በመቶ የሚበልጥ አቅም ያለው ጎማ ይምረጡ። በምሳሌያችን ከደረጃ ሲ ወደ ዲ ቢወጡ እያንዳንዱ ጎማ በ65 ፒኤስአይ 2,150 ይሸከማል፤ 1,850 ለነበረው ጎማ 16 በመቶ ትርፍ ተገኘ። አክስሉ፣ ባሌስትራውና ኩሽኔታው ግን እንዳሉ ናቸው፤ ባለ 3,500 አክስል በጎማ ለውጥ ከ3,500 በላይ አይሆንም።

የቤት መኪና ጎማስ?

ፒ የሚል ምልክት ያለውን ወይም ምንም ፊደል የሌለውን የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገጥሙ የፌዴራሉ ደንብ አቅሙ በ1.10 እንዲካፈል ያዛል። 1,984 የተጻፈበት ጎማ 1,804 ሆኖ ይታሰባል። ለትንሽ ባለ አንድ አክስል ጋሪ ሊያገለግል ይችላል። መኪና ለሚጭን ተሳቢ አንመክርም።

ንፋሱ ስንት ይሁን?

ከጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ልክ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ። ቀዝቃዛ ማለት ጠዋት፣ ከመንዳት በፊት፣ ፀሐይ ሳያርፍበት ማለት ነው። ተሳቢው ሲሠራ የነበረውን ትተው የተለየ ጎማ ከገጠሙ፣ ለጥፉ ላይ ያለው የንፋስ ልክ የአሮጌው ጎማ እንደሆነ አይርሱ።

ፒካፕ ላይ ንፋስ ቀነስ የሚደረገው ለምቾት ነው። ተሳቢ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ይህ ምክንያት አይሠራም። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፍ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ የቀበቶዎቹን ጠርዝ ከላስቲኩ ያላቅቃል። ጥርሱ ተገንጥሎ ሲወጣ ፓራፋንጎውን፣ የፍሬኑን ሽቦና አንዳንዴም ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ደግሞም 80 የሚፈልግ ጎማ 50 ላይ ሲሆን በዓይን ሲታይ ሙሉ ይመስላል። በእግር መምታት ምንም አይነግርዎትም፤ መለኪያ ይያዙ።

አየሩ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀዘቀዘ ቁጥር ንፋሱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይወርዳል፤ ሲሞቅም እንዲሁ ይወጣል። እየነዱ 80 የነበረው ከ90 ቢያልፍ አይደንግጡ፤ ጎማው የተሠራው ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው። የጋለ ጎማ አያስተንፍሱ። ካስተነፈሱት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆንና ነገ የባሰ ይግላል። ፒካፑ ውስጥ ሆነው የተሳቢውን ጎማ ንፋስና ሙቀት የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ቢገጥሙ ለዚህ ሁሉ ትልቅ እገዛ ነው፤ ተሳቢ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ከመሪው ላይ ቶሎ አይታወቅም።

ከፍ ያለ ደረጃ ጎማ ገዛሁ። ሌላ የሚቀየር ነገር አለ?

አለ፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህ ነው። ቸርኬው የራሱ የክብደትና የንፋስ ጣሪያ አለው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው በኩል ታትሟል። ለ50 ፒኤስአይ የተሠራ ቸርኬ ላይ 65 ወይም 80 መሙላት አደጋ ነው። ቁጥሩ ካልተገኘ የቸርኬውን አምራች ይጠይቁ፤ በግምት አይሙሉ።

ሁለተኛው ቫልቩ ነው። የቤት መኪና ላይ የምናየው ተራ የላስቲክ ቫልቭ ጣሪያው 65 ፒኤስአይ ነው። ለ80 እና ከዚያ በላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ቫልቭ ያስገጥሙ፤ ጎሚስታው «ያለው ይበቃል» ቢልም። አዲስ ደረጃ ኢ ጎማ በአሮጌ ላስቲክ ቫልቭ መተንፈሱ ሲያስቆጭ ይኖራል።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ኤስቲ 235/80 አር16 ቁመቱ 30.8 ኢንች ያህል ሲሆን ኤልቲ 235/85 አር16 ደግሞ 31.7 ኢንች ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 1 ኢንች ይጠባል፤ ከላይ ያለው የፓራፋንጎ ክፍተትም ግማሽ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ተሳቢው ተጭኖ ባሌስትራው ሲወርድ ጎማው የሚነካ ነገር እንዳይኖር ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

በስንት ማይል ልንዳ?

የፍጥነት ፊደል የሌለው ኤስቲ በ65 ይገደባል። አዳዲሶቹ ላይ ፊደል አለ፦ ኤል 75፣ ኤም 81፣ ኤን 87 ማይል። ይህ የጎማው ጣሪያ እንጂ የሚመከር ፍጥነት አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ ከ55 ማይል ማለፍ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከሌላ ግዛት የሚገቡ ብዙ ሾፌሮች ይህን የሚያውቁት ቅጣቱ ሲደርሳቸው ነው። ጭነቱ ሙሉ፣ ቀኑም ሞቃት ከሆነ በ60 እና በ65 መካከል እንዲነዱ እንመክራለን።

ጥርሱ ገና አዲስ ነው፤ ለምን ቀይር ይሉኛል?

የተሳቢ ጎማ በአብዛኛው የሚሞተው በዕድሜ እንጂ በማለቅ አይደለም። ከጎኑ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። 3523 ካለ በ2023 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኤስቲ ጎማ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ቢቀየር ጥሩ ነው። ኤልቲ ሲቆይ ይታያል፤ ቢሆንም ዕድሜውን ከጥርሱ እኩል ይከታተሉ። ሲገዙም ቀኑን ገጥመው ከጨረሱ በኋላ ሳይሆን በፊት ይዩት፤ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት የቆየ ኤስቲ ጎማ ግማሽ ዕድሜው አልፏል።

በጣም የሚያሳስበን የምግብ ተሳቢዎች ነገር ነው። ክረምቱን በሙሉ አንድ ቦታ ይቆማሉ፤ ጎማው በፀሐይና በቅዝቃዜ ይደርቃል፣ ንፋሱም ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ በጁላይ መጀመሪያ፣ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ወደሚካሄድበት ከተማ ለመድረስ በዓመቱ ከባድ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት ይዘው በመቶዎች የሚቆጠር ማይል ይሄዳሉ። ለጎማ ከዚህ የከፋ ጉዞ የለም። ከመነሳትዎ ሁለት ሳምንት ቀድመው ጎኑ ላይ ስንጥቅ፣ ጥርሱ ላይ እብጠት መኖሩን በእጅ እየዳሰሱ ይፈትሹ፤ እብጠት ካለ ጎማው አልቋል። ሲያቆሙት ደግሞ ንፋሱን ሞልተው ጎማውን ከፀሐይ ይሸፍኑ።

አንድ ጎማ ፈነዳብኝ። እሱን ብቻ ልቀይር?

ባለ ሁለት አክስል ከሆነ በዚያው ጎን ያለውን ጎረቤቱንም ይጠርጥሩ። አንዱ ሲፈነዳ ሌላው እስኪቆሙ ድረስ የሁለቱን ሸክም ችሎ ነበር። የውስጥ ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ረጅም መንገድ በአንዱ ጎማ የተሄደ ከሆነ ሁለቱንም ይቀይሩ።

የቀሩትን ጎማዎች አበላል ያንብቡ። ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ንፋስ ማነስ ወይም ጭነት መብዛት፣ መሐሉ ካለቀ ለጭነቱ ንፋስ መብዛት፣ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ የታጠፈ አክስል፣ ቦታ ቦታ እየዘለለ ከተበላ ደግሞ ያልተመጣጠነ ጎማ ወይም የላላ ኩሽኔታ ነው።

ኤስቲና ኤልቲ ቀላቅሎ መግጠም ይቻላል?

አንድ አክስል ላይ በፍጹም። በሁለት አክስል ተሳቢም አራቱ አንድ ዓይነትና አንድ ቁመት ይሁኑ፤ ረጅሙ ጎማ ያለበት አክስል ከድርሻው በላይ ይሸከማል።

ኤስቲ ጎማ ፒካፑ ላይ ይገጠማል?

አይገጠምም። ጎኑ ላይ ለተሳቢ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። መሪ እንዲታዘዝና መኪና እንዲገፋ አልተሠራም።

ጎማው ሲገጠም ምን ልከታተል?

ክሪኩ ከሻሲው ሥር ይግባ እንጂ የአክስሉን ቱቦ አያንሱበት፤ ቱቦው ሊጎብጥ ይችላል። ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ፣ እየተሻገሩ በሦስት ዙር ያጥብቁ። ለግማሽ ኢንች ብሎን በመጀመሪያው ዙር ከ20 እስከ 25፣ በሁለተኛው ከ50 እስከ 60፣ በመጨረሻው ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው። ለወፈረ ብሎን የአክስሉን መመሪያ ይከተሉ። በቶርክ ሬንች እንጂ በአየር ማጥበቂያ ብቻ አይለፉት። ከዚያ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ ቆመው እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ እየተቀመጠ ሲሄድ ዳዶው ይላላል።

ስኮርታውስ?

መጠኑም ደረጃውም ከተገጠሙት ጋር አንድ ይሁን። ከሥር ወይም ከፊት ተንጠልጥሎ ዓመታት የሚቆይ ጎማ ስለሆነ የዲኦቲ ቀኑን ከሌሎቹ ጋር አብረው ያንብቡ፤ ንፋሱንም በየወሩ ይለኩ። የፒካፑ የዳዶ መክፈቻ የተሳቢውን ዳዶ ይገጥም እንደሆነ ደግሞ ግቢዎ ውስጥ ሳሉ ይሞክሩት።